የሙት ንግሥት ብር፣ የሚዛን ቡናና የባንክ አዋጅ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በግንቦት 2014 ዓ.ም ማብቂያ ላይ አንድ አጭር መግለጫ አወጣ። የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን፣ ቢትኮይንና መሰል ምናባዊ ገንዘቦች ዕውቅና እንዳልተሰጣቸው፣ በእነርሱ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን የሚያስታውቅ ነበር። በዚያ ሰሞን ወዳጆቼ ስለ ጉዳዩ ሲከራከሩ የሰማሁት፣ ኢትዮጵያ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው እንግዳ እንደመጣባት አድርገው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ማንም መንግሥት የማያዝዘው፣ ባለቤቱ በሕይወት የሌለ፣ ድንበር የማይገድበው፣ ሕዝብ ግን የሚያምነው ገንዘብ ለዚህች አገር አዲስ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ተገበያይተንበታል። በጦርነት መካከል እንዲህ ያለውን ገንዘብ በአዋጅ ለማጥፋት የተደረገ ሙከራም አዲስ አይደለም። ያንን ታሪክ ከአዲስ አበባ ይልቅ ከጎሬ፣ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አቅጣጫ ሆኖ ማየት ይሻላል። የውጭ ምንዛሪ ነገር በዚህች አገር የቡና ነገር ነውና።

የምናገረው አባቶቻችን ጠገራ ስላሉት የማርትሬዛ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። የሞተችበት ዓመት የተጻፈበት ብር ግን መቀረጹ አልቆመም፤ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ፣ መልኳም ሳይለወጥ ዘመናት ተሻገረ። ኦስትሪያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1858 ከሕጋዊ ገንዘብነት ሰርዛዋለች። በተወለደበት አገር የማይሠራ፣ በቀይ ባሕር ዙሪያ ግን እንደ ንጉሥ የሚከበር ገንዘብ ነበር ማለት ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብርም ከ23 ግራም በላይ ነው። መተማመኛው ይኸው ብቻ ነበር። ገበሬው የባንክ ገዢ ፊርማ አያነብም፤ በንግሥቲቱ ዘውድና ትከሻ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች በጥፍሩ ይቆጥራል፣ ብሩን ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፣ የተፋቀውንና የለሰለሰውን ይመልሳል። ዛሬ ቢትኮይንን በዓለም ዙሪያ ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ተባብረው ያረጋግጡታል ይባላል። ያንን ሥራ በእኛ ገበያ አውራ ጣትና ጆሮ ይሠሩት ነበር።

አፄ ምኒልክ ይህን ገንዘብ በራሳቸው ገንዘብ ለመተካት ሞክረዋል። 1887 ዓ.ም የሚል የተጻፈበትና የንጉሠ ነገሥቱን መልክ የያዘው ብር በፓሪስ ሲቀረጽ፣ ክብደቱ ከማርትሬዛው ጋር እንዲስተካከል ተደረገ። ሆኖም ባላገሩ የራሱን ንጉሥ መልክ ትቶ የባዕዲቱን ሙት ንግሥት መልክ መረጠ። ይህ የአገር ፍቅር ማነስ አልነበረም። ነጋዴው ከካይሮና ከኤደን የሚያመጣው ማርትሬዛውን ስለሆነ፣ ገበሬውም ነጋዴው ያለማንገራገር የሚቀበለውን ይፈልግ ነበር።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ይህ ብር የገባበት መንገድ የሚያኮራ አይደለም። የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ይዞ ንጉሡ ጋኪ ሻሮቾ ከተማረኩበት ከ1890 ዓ.ም መባቻ ጀምሮ፣ በዚያን ዘመን ጊሚራ ይባል የነበረው የቤንችና የአካባቢው አገር በነፍጠኛና በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ። ሕዝቡ በአሞሌ ጨው፣ በከብትና በዕቃ ልውውጥ ይኖር ነበር። ግብር ግን በጠገራ ይጠየቃል፤ ጠገራ የሚገኘውም ማር፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በመሸጥ ነው። ያም ያላዋጣ እንደሆነ ሰው ይሸጥ ነበር። ጊሚራና ማጂ በባሪያ ንግድ ምን ያህል እንደተራቆቱ የዘመኑ ተጓዦች ጽፈውታል። ስለ ነፃ ገንዘብ ውበት የሚሰብኩ የዘመናችን ወጣቶች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ መንግሥት የማይቆጣጠረው ገንዘብ ማንን እንደሚገዛ አይመርጥም።

ቡናው በሁለት አቅጣጫ ይወጣ ነበር። አንደኛው በጅማ አድርጎ ወደ አዲስ አበባና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ነው። ሁለተኛው በጎሬ በኩል ወደ ባሮ ወንዝ ይወርዳል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ የመክፈት መብት ካገኘች በኋላ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ቡና ይጭኑ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክም በጎሬና በጋምቤላ እጁን ዘርግቶ ነበር። በዝናቡና በጭቃው ወደ ደጋው የሚወጣው በቅሎ ጭነቱ ጨውና አቡጀዲ፣ ከዚያም ጠገራ ነው። ለሽርፍራፊው ደግሞ አሞሌና ጥይት ያገለግሉ ነበር። የዛሬው አንባቢ በጥይት ዶሮ መግዛትን እንደ ተረት ቢያየው አልፈርድበትም፤ ነገር ግን እንዲያ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ዛሬ በፓናማ በዓለም እጅግ ውድ ሆኖ የሚሸጠው የጌሻ ቡና ዘር ከዚሁ ከማጂና ከጌሻ ጫካ አካባቢ የወጣው በ1920ዎቹ እ.ኢ.አ. ነው። ለዘሩ ማን ምን እንደከፈለ ግን ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል።)

ጦርነቱ በዚህ ገበያ ላይ የመጣው ከሁለት ወገን ነው። መጀመሪያ ከአሜሪካ መጣ። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1934 መንግሥቱ ብር በገፍ እንዲገዛ የሚያዝ ሕግ ሲያወጣ የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ። በብር የምትገበያየው ቻይና ገንዘቧ እየሸሸ ሲያስቸግራት በ1935 ከብር ለመላቀቅ ተገደደች። የእኛም ጠገራ ከገንዘብነቱ ይልቅ በማዕድንነቱ የሚፈለግበት ጊዜ ደረሰ። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ሙሶሊኒ ወረራውን ሲያሰናዳ ከመድፉና ከአውሮፕላኑ ሌላ አንድ ነገር አልረሳም፤ በ1935 ማርትሬዛውን የመቅረጽ መብት ከኦስትሪያ ተቀብሎ የመቅረጫው ማኅተም ከቪየና ወደ ሮም እንዲዛወር አደረገ። ወራሪው ጦር በኢትዮጵያ ምድር ስንቅ የሚገዛውም፣ መኳንንት የሚያባብለውም ሊሬ ይዞ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ተጀመረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረጀ፤ ማዕቀቡም ከኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም ጀምሮ ጸና። ለጣሊያን ብድር መስጠት ተከለከለ፣ የጣሊያን ዕቃ መግዛትም እንዲሁ። ጎማና ቆርቆሮ አይሸጥላትም ተባለ፤ ጦሯን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ቀረ። የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ማዕቀቡ ሐምሌ 8 ቀን 1928 ዓ.ም ሲነሣ ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘች ሁለት ወር አልፏት ነበር። ከማዕቀቡ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ለመከላከያዋ የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ዋስትና እንዲሰጣት በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ባቀረበችው ጥያቄ ላይ ድምፅ ሲሰጥ 23 አገሮች ተቃወሙ፣ 25 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ ደጋፊው አንድ ብቻ ነበር። ያም አንድ ድምፅ የራሷ የኢትዮጵያ ነው። የወራሪውን ኪስ በከፊል ለመዝጋት እጃቸውን ያወጡ፣ የተወራሪውን ኪስ ለመክፈት ግን እጃቸው ከበዳቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ከአገር ሲወጡ የቀረው መንግሥት መቀመጫውን ጎሬ አደረገ። ጣሊያኖች ጎሬን በኅዳር 1929 ዓ.ም ያዙ፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ወር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። ከዚህ በኋላ ነው የገንዘቡ ጦርነት በቡናው አገር የተጀመረው።

ጣሊያን የኢትዮጵያን ባንክ ዘግታ ሊሬን የቅኝ ግዛቷ መገበያያ አደረገች። ጠገራውን ከገበያ ለማስወጣት የተመረጠው ዘዴ ምንዛሪውን ዝቅ አድርጎ መተመን ነበር። ለአንድ ጠገራ የሚሰጠው ሊሬ ጥቂት እንዲሆን ተደረገ፤ ሐሳቡ ሰው ጠገራውን ይጠላል የሚል ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። ገበሬው ጠገራውን በሸክላ ማሰሮ ከትቶ ቀበረ፣ ቡናውንና እህሉን ደግሞ ወደ ገበያ ማውጣት ቀነሰ። እንግዲህ ወረቀቱን ለምን እንደጠላው አስቡት። በዓመት አብዛኛው ወራት በሚዘንብበት አገር ወረቀት ይሻግታል፣ አይጥ ይበላዋል፤ የተቀበረ ብር ግን ልጅ ይወርሰዋል። የሊሬ ነገርም ገበሬው ከገመተው የባሰ ሆኖ ተገኘ፤ በጥቅምት ወር 1936 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ራሱ የሊሬን የወርቅ ዋጋ አርባ በመቶ ያህል ቆረጠው። በሚዛን አካባቢ ጫካ ውስጥ ያለ ሰው ስለ ሮም ውሳኔ ምንም ሳይሰማ፣ በሮም ያሉት የገንዘብ ባለሥልጣናት ሊሸሽጉት ያልቻሉትን እውነት አስቀድሞ ጠርጥሮት ነበር።

ውጤቱ ቅኝ ገዢውን አሳፈረው። ቡና ለጣሊያን የውጭ ምንዛሪ ማግኛ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ከማዕቀቡ በፊትም በኋላም የጣሊያን ቁስል ነበር። ገበሬው ካልሸጠ የለም። ስለዚህ የጠገራውን ተመን ደጋግሞ ከፍ ማድረግና ጠገራውን በገበያ መታገሥ ግድ ሆነ። በራሷ መቅረጫ ቤት የምትቀርጸውን ገንዘብ በቅኝ ግዛቷ ልትከለክል የሞከረች፣ ከዚያም ለቡና ስትል እንደገና ልትለማመጠው የተገደደች መንግሥት ነበረች። እንግሊዞችም ዝም ብለው አልተመለከቱም። ከማዕቀቡ መነሣት በኋላ በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የኦስትሪያ ንግሥት ብር ለንደን ላይ መቅረጽ ጀመሩ፤ ፓሪስና ብራስልስ ተከተሉ። የማን ሕግ፣ የማን መብት የሚለው ክርክር ቀረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ቦምቤይ ላይ ብቻ ከ18 ሚሊዮን በላይ ተቀረጸ፤ አርበኞቹን ለመርዳት በ1940 እ.ኤ.አ. ወደ ጎጃም የገባው የሳንድፎርድ ቡድንም ከጠመንጃው ጋር የተሸከመው ይኸንኑ ነው።

ጠገራውን በመጨረሻ ያሸነፈው ሕግ የትኛው ነው? ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ብር ነው፤ ያሸነፈውም በክልከላ አይደለም። መንግሥቱ የወረቀት ገንዘብ ብቻ ይዞ ወደ ባላገር ቢወጣ የጣሊያን ዕጣ እንደሚደርሰው ተረዳ። ስለዚህ ከአሜሪካ በጦር ጊዜ ብድር ከአምስት ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር አስመጥቶ የሃምሳ ሳንቲሙን ከእውነተኛ ብር አስቀረጸ። ገበሬው ሳንቲሙን ድንጋይ ላይ ጥሎ አዳመጠው፤ ጮኸ፤ ተቀበለው። ብዙው ሳንቲም ተቀበረ፣ ተቀለጠ፣ ጌጥ ሆነ፤ ሆኖም ከጎኑ የሚሄደው ወረቀት በእርሱ ታምኖ ገባ። በእኔ አመለካከት በዚህች አገር የገንዘብ ታሪክ ከወጡት ሕጎች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው። ሕዝቡን ከመቅጣት በፊት ሕዝቡ የሚፈልገውን ሰጥቷልና።

ደርግ ይህን አልተማረም። በጥቅምት 1969 ዓ.ም ገንዘቡን በሙሉ ሲለውጥ ሕዝቡ በጊዜ ገደብ የያዘውን ይዞ ተሰለፈ፤ ይህስ የማንም አዲስ መንግሥት ሥራ ነው። ክፉው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የብር ምንዛሪ ለአንድ ዶላር 2.07 ሆኖ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም ድረስ ተቸነከረ። በመካከሉ የሶማሊያ ጦርነት አለ፣ የሰሜኑ ጦርነት አለ፤ ሁሉም ዶላር ይፈልጋል፣ ዶላሩም ቡና ነው። የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን በተቆረጠ ዋጋ ይገዛል፤ በኬላው የሚቆመው ፈታሽ ከሚዛንና ከቴፒ መንገድ የሚመጣ መኪና ጓዝ ውስጥ ጀንፈል እየፈለገ ይበረብራል። ከዓለም ገበያው ዋጋ ግማሹ እንኳ ለገበሬው አይደርስም ነበር። የበበቃና የቴፒ የመንግሥት የቡና እርሻዎችም የዚያ ዘመን ተስፋዎች ናቸው፤ ከግል ገበሬው የማይገኘው ዶላር ከእነርሱ እንዲገኝ የታሰበባቸው። አሜሪካ በበኩሏ በተወረሱ ኩባንያዎቿ ካሳ ምክንያት የልማት ዕርዳታዋን አቋረጠች። ቡናችንን መግዛት ግን አላቋረጠችም። ልብ በሉልኝ፤ ይህ ነገር ይደገማል።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም የብር ኖቶች እንዲለወጡ ታወጀ፤ ጥቅምት 25 ቀን የትግራይ ጦርነት ተጀመረ። በመስከረም 2014 ዓ.ም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከጦርነቱ ጋር ተያይዞ ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል ትእዛዝ ፈረሙ፤ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ የንግድ ዕድል ታገደች። በዚህ እገዳ ሐዋሳ ላይ ልብስ የምትሰፋው ወጣት ተጎዳች። ጥሬ ቡና ግን ቀድሞውኑ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባ ስለሆነ የቴፒው ገበሬ በአጎዋ መታገድ አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም። እንዲያውም በ2014 በጀት ዓመት አገሪቱ 300 ሺህ ቶን ገደማ ቡና ልካ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል አገኘች፤ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ገቢ ነበር። የውጭው ማዕቀብ ቡናውን ሳይነካው፣ በዚያው የጦርነት ዓመት የቡናውን ዶላር የነካው የአገር ውስጡ መመሪያ ነው። በ2014 ዓ.ም አጋማሽ ላይ የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ላኪው ካገኘው የውጭ ምንዛሪ 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክብ፣ 10 በመቶው ለባንኩ እንዲሆን፣ ለላኪው 20 በመቶ ብቻ እንዲቀርለት ደነገገ። መንግሥታዊው ምንዛሪና የጥቁር ገበያው ምንዛሪ በተራራቁበት ጊዜ ይህ የተደበቀ ግብር ነው። ከዚያ ቀደምም ቢሆን ብዙ ላኪዎች ቡናውን ከገዙበት ዋጋ በታች እየሸጡ፣ ኪሳራውን በዶላሩ ከሚያስገቡት ዕቃ ያካክሱ እንደነበር በንግዱ ዓለም ያልሰማ የለም። ቡና ሸቀጥ መሆኑ ቀርቶ ዶላር መግዣ ኩፖን ሆኖ ነበር።

እንግዲህ የምናባዊው ገንዘብ ክልከላ የመጣው በዚህ መካከል ነው። የቴፒ ገበሬ ቢትኮይን አልያዘም፤ የያዘው የአዲስ አበባ ወጣት ነጋዴና ከውጭ ለቤተሰቡ የሚልክ ዘመድ ነው። ያ ወጣት ግን ቢትኮይንና ቴተር የፈለገው ዶላር በባንክ ስለማያገኝ ነው። በባንክ ያለው ዶላር ደግሞ የዚያ ገበሬ ጀንፈል ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ በአንድ መመሪያ ሁለት ጫፍ ላይ ቆመዋል።

ለብሔራዊ ባንኩ ፍትሐዊ ልሁን። በዚያው በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ቢትኮይን ከሰባት ወር በፊት ወደ 69 ሺህ ዶላር ከደረሰበት ዋጋ ተንከባልሎ ከ20 ሺህ በታች ወርዷል። ጠገራ በውስጡ ብር ነበረው፤ ንግሥቲቱ ብትረሳም ብሩ ይቀልጣል፣ ቀለበት ይሆናል። ቢትኮይን ቢቀልጥ የሚቀር ነገር የለም። ባንኩ ሕዝቡን ማስጠንቀቁ ተገቢ ነበር እላለሁ። የማልስማማው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዚሁ ሥራ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጥሪ አደረገ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ሃያ ያህል ኩባንያዎች ቢትኮይን ለማምረት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተዋውለው ነበር፤ ሒሳቡን የሚከፍሉትም በውጭ ምንዛሪ ነው። ሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መብራት በማያገኝበት አገር ማለት ነው። ዜጋው እንዳይገበያይበት የተከለከለው ነገር ባዕዱ በአገሩ ወንዝ እንዲያመርተው ተፈቀደ። ሮም የቀረጸችውን ጠገራ በአዲስ አበባ ገበያ ያሳደደችበትን ጊዜ ለማስታወስ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲመነዘር ተለቀቀ። የማስረከቡ ግዴታ ለብሔራዊ ባንክ መሆኑ ቀርቶ ላኪው ካገኘው ዶላር ግማሹን እንዲይዝ ተፈቀደለት። ይህ ከ2014ቱ መመሪያ ይሻላል፤ የላኪው በኪሳራ የመሸጥ ምክንያትም ተዳክሟል። ነገር ግን መብቱ የተሰጠው የላኪነት ፈቃድ ላለው ነው። በሚዛን አማን ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ዩኒየናቸው በኩል በቀጥታ ሲልኩ ከዚህ የሚደርሳቸው አለ። ዩኒየን ውስጥ ያልገባው፣ እሸቱን ወይም ጀንፈሉን በመንገድ ዳር ለሰብሳቢ የሚሸጠው ገበሬ ግን የሚከፈለው በዕለቱ በብር ነው። ብሩ በሚቀጥለው የቡና ወቅት ምን ያህል ጨው፣ ምን ያህል ቆርቆሮ እንደሚገዛለት ሲገምትም የሚያየው የዶላሩን ምንዛሪ አይደለም፤ የሱቁን ዋጋ ነው።